የየወሩ ጾም

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ

በጥልቅ ሐዘን የሚገለጸው እንዲህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ሹራብ ወገብ ላይ ማሰር ተከልክሏል። አዋጁን ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ያነበቡት ምክትል ርዕሰ መምህራችን ቲቸር መሳይ ናቸው። ድምፃቸውን የሰማ ድንበር የተጣሰ ይመስለዋል። "ሹራብ የሚለበሰው ከትከሻ ነው" አሉ። "ወገቡ ላይ የሚያስር ዱርዬ ነው።" ከዚያ ተሰልፈን ወደ ክፍል ገባን።

ነገሩ ለማይገባው ሰው ማብራሪያ። አዳማ ውስጥ ለብርድ ብሎ ሹራብ የገዛ ሰው አላውቅም። የካቲት ላይ አስፋልቱ ራሱ ጫማ ይስማል። ታዲያ የስምንተኛ ክፍል ሴቶች በሙሉ ሹራብ ተሸክመን የምንመጣው ለምንድን ነው? ቲቸር መሳይ ይህን አንድ ጥያቄ ራሳቸውን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገ። የደንብ ልብሳችን ክሬም ቀሚስ ነው። ቀለሙን የመረጠው ኮሚቴ ውስጥ ሴት እንዳልነበረች በምን ታውቂያለሽ ለሚለኝ፣ ቀሚሱን አሳየዋለሁ።

ጉዳዩ ዛሬ ጠዋት መጥቷል። "ጉዳዩ" የምለው በየወሩ ሴት ልጅ ላይ የሚመጣውን ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ይህ ደብተር የሚኖረው ወንድም ባለበት ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ ደሊል የሰው ነገር ማንበብን እንደ ሥራ ይዞታል፤ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ቀረሁ።

ቦርሳዬን አንግቼ ከቤት ወጣሁና ኑኃሚን ቤት ገባሁ። ኑኃሚን ጓደኛዬ ናት፣ ክፍላችንም አንድ ነው። እናትና አባቷ በጊዜ ሥራ ይሄዳሉ፤ እሷ ደግሞ ቁልፉን ትታልኝ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ቤታቸው ውስጥ ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር በር አለ። በትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት ከሦስቱ አንዱም የለም። በር ነበረ፤ ማጠፊያው ወልቆ አሁን ተደግፎ ነው የቆመው። አንዷ ስትገባ አንዷ ከውጭ ትይዝላታለች።

ችግሩ የኑኃሚን ቤት ያለበት መንገድ ነው። ከጅቡቲ የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች የሚያድሩት እዚያው ነው። ቤቷ እስክደርስ በተሳቢዎች መሃል ነው የማልፈው። አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ተመለስኩ። ደህና ነኝ። ግን አሁንም ስለ ሴቶች ክፍል ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትምህርት ቤታችን "የሴት ተማሪዎች ክፍል" አለው። ባለፈው ጥቅምት ተመርቋል። ሪባን ተቆርጧል፣ ለስላሳ ተጠጥቷል። ፎቶው ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰቅሏል፤ ኮት የለበሱ ሰዎች አንድ ካርቶን ሞዴስ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ አልተከፈተም። ቁልፉ ቲቸር ጂቱ ጋ ነበር። ቲቸር ጂቱ የሴቶች ክበብ ኃላፊያችን ናት፤ አሁን የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ስትወጣ ቁልፉን ለቲቸር መሳይ አስረከበች። እሳቸው ደግሞ ሥርዓት ይወዳሉ። ቁልፍ የሚፈልግ ቢሯቸው ገብቶ ምክንያቱን ይናገራል።

እስከ ዛሬ ገብታ የተናገረች የለችም። ኑኃሚን ቢሮ መጥረግ ተቀጥታ ሳለ ጠረጴዛቸው ላይ ሪፖርት አየች። "በክፍሉ የመገልገል ፍላጎት አልታየም" ይላል።

ዛሬ ስም ሲጠሩ ራሳቸው ቲቸር መሳይ ገቡ።

"ሱሃይላ አብዱልሃኪም።"

"አቤት።"

"ታኅሣሥ ላይ ቀረሽ። ጥር ላይ ቀረሽ። ይኸው አሁንም።"

"አሞኝ ነው ቲቸር።"

"ምንሽን?"

"ሆዴን።"

"ሁልጊዜ ሆድሽን?"

"ሌላ ሆድ የለኝም ቲቸር።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። "እንግዲህ አንድ ቀን ብትቀሪ አባትሽን ይዘሽ ነው የምትገቢው" ብለው ወጡ። ኑኃሚን ከኋላዬ በእስክሪብቶ ወጋችኝና "አቦ ያቺን ምላስሽን ለክልሉ ፈተና አስቀምጫት" አለችኝ። እውነቷን ነው። ምላሴ እኔን ሳታማክር ነው የምትኖረው።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

አባ ዛሬ ከዝዋይ ቲማቲም ጭኖ ገባ። አባቴ ሾፌር ነው፤ የሚነዳው ኤፍኤስአር የጭነት መኪና የራሱ ነው። ሽንት ቤት የገባሁ መስሎት ከአክስቴ ከዙለይካ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። አክስቴ ያለችው አቦምሳ ነው። ሱቅ አላት፣ ሱቁ ላይ የሚቀመጥላት ሰው የላትም።

"ስምንተኛን ካለፈች ትማራለች፣ ቃሌ ነው" አላት። ቀጥሎ የምትለውን ሰማት። "ካላለፈች እልክልሻለሁ። ምን ታደርጋለች እዚህ?"

የአጎቴ ልጅ ሑስና አቦምሳ የሄደችው ለአንድ ክረምት ነው። ክረምቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው አረፋ ስትመጣ ስለ ስኳር ብቻ ነው ያወራችው፤ ጆንያው ስር ስለሚቀረው፣ ጉንዳን ስለሚገባበት። ድሮ ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ነበረች። ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ነገ ረመዳን ይገባል፤ ጨረቃ ታይታለች ተብሏል።

የሃይማኖታችን ሕግ ግልጽ ነው፣ ደግሞም ቀላል ነው። ጉዳዩ ያለባት ሴት አትጾምም፣ አትሰግድም። ያለፋትን ጾም ረመዳን ካለቀ በኋላ ትከፍለዋለች፤ ቀዳ ይባላል። በዚህ የሚጨቃጨቅ ሼህ የለም።

የቤታችን ሕግ ግን ሌላ ነው። ወንዶች እንዳያውቁ ይጾማል። ማለቴ፣ ሳይጾሙ ይጾማል። ሌሊት ለሱሁር ከሁሉም ጋር ተነስቼ እበላለሁ፣ ቀኑን ከንፈሬን አድርቄ እውላለሁ፣ ለአፍጥር ከሁሉም ጋር ቴምር አነሳለሁ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ከበደኝ" እላለሁ። እማ ከመጋዘኑ በር ጀርባ ቆማ ዳቦ ስትጎርስ ያየኋት የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ "ለደሊል እንዳትነግሪ" አለችኝ። ያኔ እናቴ ሌባ መስላኝ ነበር። ዳቦው ደግሞ የራሷ ነው፤ የጋገረችው እሷ ናት።

ይህን ሕግ ማን አወጣው ብዬ ብጠይቅ ማንም አላወጣውም። ማንም ያላወጣውን ሕግ ደግሞ የሚሽር ባለሥልጣን የለም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ጾም ላይ ነኝ። የእውነቱን። የሂሳብ ፈተና አንደኛ ወጣሁ። ቲቸር መሳይ ኮሪደር ላይ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። መልካም ሰው ናቸው እኮ። ይህን መጻፍ ያለብኝ መልካም የሆንኩ ዕለት ነው።

የካቲት 30፣ እሑድ

ወገቤን ጀምሮኛል።

ነገ መቅረት አልችልም። ነገ መሄድም አልችልም። ከዚህ ሌላ የሳምንት ቀን ካለ የሚያውቅ ይንገረኝ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ሄድኩ። እማ ከአሮጌ የሽቲ ቀሚሷ ቀድዳ ያጣጠፈችልኝን ይዤ ሄድኩ። እስከ ዕረፍት ከወንበር አልተነሳሁም። በዕረፍትም አልተነሳሁም። ኑኃሚን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "በሩን እይዝልሻለሁ፣ ነይ" አለችኝ። ሄደን አየነው፤ የተደገፈው በር ወድቋል። ዛሬ ደግሞ ወንዶቹ ሽንት ቤቱ ጀርባ ኳስ ይጫወታሉ። ተመለስን።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ ሂሳብ ነው። መምህሩ ጥያቄ ጻፉ፤ ማንም እጅ አላወጣም።

"ሱሃይላ፣ ነይ ስሪው።"

መልሱን ከመጻፋቸው በፊት ነው ያወቅኩት። "አላውቀውም" አልኩ።

"አንቺ? ባለፈው ሳምንት አንደኛ የወጣሽ?"

"ረስቼዋለሁ።"

"ተነሺና ቁመሽ አስቢው።"

"መቆም አልችልም።"

"ለምን?"

ምላሴ ዛሬ ሥራ አልገባችም። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። ከፊት ያለው ረድፍ ዞሮ አየኝ። አንዱ "ጾም ላይ ናት ቲቸር፣ ይተዋት፣ ደክሟት ነው" አለ። አዘነልኝ። ስላዘነልኝ ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም።

ደወል ተደውሎ ሁሉም እስኪወጣ ጠበቅን። ኑኃሚን ከኋላዬ ተጠግታ እስከ ግቢው በር እየተራመደች መጣች። የጥበቃው ኦቦ ጋሮምሳ "ምነው ተጣብቃችሁ፣ ሁለታችሁ አንድ ሰው ሆናችሁ?" አሉን። "ነዳጅ ለመቆጠብ ነው" አልኳቸው። ሳቁ። ሹራቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማሰር ክልክል ነው።

ቤት ስደርስ ደሊል አየኝና "ገና በዐሥረኛው ቀን እንዲህ ከሆንሽ ሃያ ሰባተኛውን ምን ልትሆኚ ነው?" አለኝ። ቀሚሱን በጨለማ አጠብኩት። የማይለቅ ነገር አለ፤ ሎሚ ቀባሁበት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ቀረሁ። ቀሚሱ አልደረቀም። አንድ ቀሚስ ነው ያለኝ።

ኑኃሚን ቤት የትናንቱን ፓስታ ከድስቱ እንደቆምኩ በላሁት። ሐላል ነው፣ ተፈቅዶልኛል። ሆኖም የበሩ መጋረጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሹካዬን ደበቅኩ። ከማን እንደምደብቀው አላውቅም፤ የእነሱ ቤት ሰው ሁሉ ምሳ ይበላል።

ስወጣ አንድ የክፍላችን ልጅ በባጃጅ አለፈ። ከቆሙት መኪናዎች መሃል ስወጣ አየኝ። እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩለት፤ ደደብ ነኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ቲቸር መሳይ አስጠሩኝ። ቢሮአቸው ሦስት ነገር አለው፤ ባንዲራ፣ የግድግዳ ካላንደር፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ። ከቁልፎቹ አንዱ ላይ ሮዝ ሪባን ታስሮበታል። ወደዚያ ላለማየት ታገልኩ።

በር ዘጉ። ቀስ ብለው፣ በአባትነት ድምፅ ጀመሩ።

"ሱሃይላ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም።"

"አይደሉም ቲቸር።"

"ካላንደሩን ተመልከቺ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። የምትጠፊው በየወሩ ነው። ደግሞ በተቀራራቢ ቀን። ይህ የሆድ በሽታ አይደለም። ሆድ ቀን አይቆጥርም።"

አወቁት አልኩ። ደግሞ፣ ይህን ማመን ይከብዳል፣ ደስ አለኝ። አወቁት፣ በቃ፣ እኔ ሳልናገረው።

"ልጁ የየት አገር ሰው ነው?" አሉኝ።

"የቱ ልጅ?"

"በየወሩ ከጅቡቲ የሚመለሰው። መኪናዎቹ ጋ ታይተሻል። አትካጂኝ፣ የምጠይቅሽ እንዳትጎጂ ነው።"

አየኋቸው። ከልባቸው ነው። የአራት ወር ቀን ደርድረው፣ ቀንሰው፣ ደምረው፣ በየወሩ የሚመጣ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አሰቡ አሰቡና ሾፌር ላይ ደረሱ። ቤታቸው ሚስት አለች። ሁለት ሴት ልጆች አሉ።

"ሾፌር የለኝም ቲቸር።"

"እንግዲያው የት ነበርሽ?"

እዚህ ጋ መናገር ነበር። አፌን ከፈትኩ። ካላንደሩን አየሁ፣ ባንዲራውን አየሁ፣ የእሳቸውን ከረባት አየሁ። "ሆዴን አሞኝ ነበር" አልኩ።

"ማክሰኞ አባትሽን ይዘሽ ነይ። እናትሽን አይደለም። አባትሽን።"

መጋቢት 7፣ እሑድ

እማን ለመንኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ስለዚህ ማን በምን እንዳለቀሰ አይታወቅም።

"አንቺ ንገሪው እማ። አባን።"

"ምን ብዬ?"

"እውነቱን።"

"እኔ ከአባትሽ ጋር ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ አንድም ቀን አፌን ሞልቼ አልነገርኩትም። ሲገባው ይገባዋል፣ ሳይገባው ይቀራል።" ሽንኩርቱን ገለበጠች። "ደግሞ አንቺ ምን አስቀረሽ? እኔ በዚያም በዚያም የሱቄን ገበያ አላቋረጥኩም።"

"አንቺ ጥቁር ነው የምትለብሺው እማ። ሱቅሽ ደግሞ በር አለው።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ሾፌር ነው ያሉት?" አለች።

"አዎ።"

"የአላህ ያለህ፣ አባትሽ ሾፌሮችን ያውቃቸዋል" አለች። ያለችው ይኸው ነው። እኔን የሚያጠፋኝም ይኸው ነው። ሌላ አባት አላምንም ሊል ይችላል። አባ ግን ሾፌር ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያውቃል። አቦምሳ የምሄደው በራሱ መኪና ነው፣ በጋቢና፣ ሳይናገረኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

በችኮላ ስለምጽፍ ጽሑፉ አይነበብ ይሆናል። ይሻላል።

አባ ጭነት አራግፎ በቀጥታ መጣ። የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ተቀመጠ። ቲቸር መሳይ ካላንደሩን ከግድግዳ አውርደው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ።

"አቶ አብዱልሃኪም፣ ከጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ ሾፌር በስንት ጊዜው ነው አዳማ የሚያድረው?"

"እንደ ወደቡ ነው" አለ አባ። ስለ ሥራ የጠየቁት መስሎታል።

"በወር አንዴ?"

"ወደቡ ከተጨናነቀ በወርም ነው።"

"ይኸው" አሉና በጣታቸው ወራቱን አሳዩት። የቀረሁባቸውን። መኪናዎቹ ጋ መታየቴን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እያዘኑ ነው የነገሩት። አባ ቁልፉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ እኔን አየኝ። አባቴ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ሰው ዕቃው የተሰረቀ መስሎት ጆንያውን የሚያየው እንደዚያ ነው።

የሑስናን ስኳር አየሁት። ጉንዳኑን ሳይቀር።

"አባ" አልኩ። "የዚያን ሰሞን አልጾምኩም። ቀዳ አለብኝ።"

ቲቸር መሳይ "ልጄ፣ አሁን የተሰበሰብነው ስለ ጾም አይደለም" አሉ።

አባ ግን ካላንደሩን አየ። ጣሪያውን አየ። ጆሮው ቀስ በቀስ ቀላ።

"የጥሩም?" አለኝ፣ ጣሪያውን እያየ።

"የጥሩም።"

"የታኅሣሡም?"

"እሱም አባ።"

ጉሮሮውን ጠረገ። "መምህር፣ ልጄ ሾፌር የላትም።"

"በምን አወቁ?"

"ይሄ የ... የጾም ጉዳይ ነው።"

"በየወሩ?"

"በየወሩ ነው።"

ቲቸር መሳይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ተለወጠ፤ አክብሮት መጣበት። እሳቸው ጸሎት ቤት በመዘምራን ያገለግላሉ፤ የሰው እምነት ያከብራሉ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ። "የሃይማኖት ጾም መሆኑን አላወቅኩም። ልጅቷ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

አባ አፉን ከፈተ። አየሁት፣ ከፍቶት ነበር። ከዚያ ዘጋው። "ዓይን አፋር ናት" አለ።

ለአምስት ደቂቃ ተመካከሩ። ሁለቱም አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላዩም። መጨረሻ ላይ ተጨባበጡ። ከእንግዲህ በየወሩ በዚያ ሰሞን በወላጅ ጥያቄ ፈቃድ ይሰጠኛል፤ ቤት እውላለሁ፤ መቅረቴ አይቆጠርብኝም።

ስለዚህ በይፋ ይመዝገብ፦ ተማሪ ሱሃይላ አብዱልሃኪም በየወሩ የሃይማኖት ጾም አለባት። አባቷ አድኗታል። ጉዳዩ ተፈትቷል።

በመንገድ ላይ አባ አንዴ ብቻ ተናገረ። "ኑኃሚን የምትባለዋ ልጅ ጥሩ ልጅ ናት?" "ጥሩ ናት።" "ደግ" አለ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ዝናዬ ወጥቷል። መምህራን ኮሪደር ላይ መንገድ ይለቁልኛል። ደሊል ከጓደኞቹ ሰምቶ መጣ። "በየወሩ ትጾሚያለሽ አሉ። ሱና እኮ ነው፣ ከወር ሦስት ቀን። ለምን ደበቅሽን?"

"ለታይታ እንዳይሆንብኝ" አልኩ።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከኢድ በኋላ እሱም በየወሩ ሊጾም ነው። አልከለከልኩትም። ቢያንስ አንዳችን ከዚህ ነገር አጅር፣ የአላህን ምንዳ፣ እናግኝበት።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ኢድ

ከስግደት ስንመለስ አልጋዬ ላይ ትልቅ ጥቁር ፌስታል አገኘሁ። ሞዴስ ነው። ሱቅ የሚከፈትበት ያህል። በእያንዳንዱ መልክ፣ በእያንዳንዱ ስም፤ የትኛው እንደሆነ ስላላወቀ ሁሉንም ገዝቶታል።

ደሊል በሩ ላይ ቆሞ "ምንድን ነው እሱ?" አለ።

"የመኪና ዕቃ ነው" አለ አባ ከሳሎን፣ ቴሌቪዥኑን እያየ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆየሁ። ከወጣሁ በኋላ አባን እጁን ስሜ "ኢድ ሙባረክ" አልኩት። ሌላ ቃል የለንም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

የሞዴል ፈተና ቀን ወጣ። ከመጋቢት 29 እስከ ሚያዝያ 1።

ካላንደር የሚያይ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ቲቸር መሳይ አስጠሩኝ፤ ፊታቸው ላይ ርኅራኄ አለ።

"አየሁት። ከጾምሽ ጋር ገጥሟል። አይዞሽ፣ ማንም አያስገድድሽም።"

"ማካካሻ ይኖራል ቲቸር?"

"ሞዴል ማካካሻ የለውም። ሞዴል ያልተፈተነ ተማሪ ስሙ ለክልሉ ፈተና አይላክም።" እጃቸውን ዘረጉ። "ለዓመቱ ትወስጂዋለሽ። እምነት መሥዋዕትነት ይጠይቃል።"

"ዘንድሮን ጾሙን ብተወውስ?"

ደነገጡ። "በእኔ ምክንያት? በፍጹም። ነገ አባትሽ ልጄን ከሃይማኖቷ አወጣችሁብኝ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? እሳቸው መጥተው ካልነገሩኝ ፈቃዱ እንደጸና ነው።"

ፈቃዱ እንደጸና ነው። እስር ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ፈቃድ ይለምናሉ ይባላል።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ለአባ ነገርኩት። ጋራዥ ድረስ ሄጄ፣ እሱ መኪና ስር ተኝቶ ሳለ። ፊቱን ስለማላየው ቀለለኝ።

"አባ፣ ፈተና አለ። በዚያ ሰሞን ነው። ለቲቸር መሳይ ትመጣለች ብለህ ንገራቸው።"

ከመኪናው ስር የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ከዚያ "በዚያ ሁኔታ? ሰው ፊት?" አለ።

"ዕቃው አለኝ አባ። ኢድ ዕለት ያመጣኸው።"

ብሎን ወደቀ። "አረፍ በይ ልጄ። ለዓመቱ ትፈተኛለሽ። እስከዚያ ዙለይካን ታግዣታለሽ፣ ብቻዋን ናት። ምን ቸገረሽ፣ ማንም አይቆጣሽም።"

እውነት ነው። ማንም አልተቆጣኝም። ሁሉም ሰው ደግ ሆኖልኛል። አንዱ ክፉ ቢኖር እሱን እሳደብ ነበር።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ልብሴን አንዱን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት።

ኑኃሚን መጥታ ነበር። አሳብደሽኛል አለችኝ። "ቆይ፣ እሳቸው የማያውቁት አንድ ቃል ነው አይደል? አንድ ቃል።"

"አንቺ በያቸው እስቲ።"

"የእኔ አይደለም እኮ" አለች። ከዚያ አቀረቀረች፣ የእሷም ስለሆነ።

ተወስኗል፦ ተማሪ ሱሃይላ አብዱልሃኪም ነገ በተሰጣት ፈቃድ መሠረት ቤት ትውላለች። ዛሬ ማታ ወገቧን ጀምሯታል። ይህን ከዚህ በላይ የሚያብራራ ነገር የለም።

ከሳሎን የካውያ ሽታ ይመጣል። እማ እሑድ ማታ አትተኩስም። ማንም ሳይጠይቃት ክሬሙን ቀሚስ እየተኮሰች ነው።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ማረሚያ

በዚህ ደብተር በመጋቢት 9 እና በመጋቢት 28 በወጡት መግለጫዎች ላይ ስሕተት ስለተገኘ እንደሚከተለው ታርሟል።

"ተማሪዋ ነገ ቤት ትውላለች" የሚለው፣ "ተማሪዋ ከሁሉም ቀድማ ፈተና ክፍል በር ላይ ተገኝታለች" ተብሎ ይነበብ።

በበሩ ላይ ወረቀት ያድሉ የነበሩት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተማሪዋን "አንቺ ዛሬ ጾም ላይ ነሽ እኮ፣ ማን ግቢ አለሽ?" ብለው ጠይቀዋታል። ተማሪዋም አልጾምኩም ብላለች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ "እንዴት፣ አባትሽ ራሳቸው በየወሩ አሉኝ" ሲሉ፣ ተማሪዋ የተሰለፈው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መልሳለች። ድምፁን ከፍ ለማድረግ አስባ አልነበረም፤ ሲወጣ እንደዚያ ሆኖ ወጣ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በእጃቸው ያለውን ወረቀት አገላብጠው አይተዋል፤ ወረቀቱ ባዶ አልነበረም። ቀጥሎ አንዱን ለተማሪዋ ሰጥተው፣ መሬት መሬት እያዩ "ግቢ" ብለዋል። ሂሳብ ተፈትናለች። ነገሩ እስከ ማታ ድረስ ደሊል ጆሮ፣ እስከ ነገ አባቷ ጆሮ እንደሚደርስ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነገር በአሁኑ ሰዓት የሚሰጥ መግለጫ የለም።

ስለዚህ "ተማሪ ሱሃይላ አብዱልሃኪም በየወሩ የሃይማኖት ጾም አለባት" የሚለው፣ "ተማሪ ሱሃይላ አብዱልሃኪም በየወሩ የወር አበባ ታያለች" ተብሎ ይነበብ።

ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ አንጠይቅም።